«ልቤ ቀጥ ይልና ድው ይላል» ለምትሉ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ የምሠራ ነርስ ነኝ። «ሲስተር፣ ልቤ ቀጥ ይልና ድው ይላል» ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ልብ ግን አልቆመም። አንድ ምት ከሰዓቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ከእሱ በኋላ ልብ ትንሽ ያርፋል፣ በዕረፍቱ ብዙ ደም ይሞላል፣ ቀጣዩን ምት ጠንክሮ ይመታል። የሚሰማችሁ ድው ይሄ ነው፤ «የልብ ዝላይ» የምለውም ይህንኑ ነው። ጤነኛ ሰውም ለ24 ሰዓት ምቱን የሚመዘግብ መሣሪያ ቢታሰርለት ብዙ ጊዜ ጥቂት እንዲህ ያለ ምት ይገኝበታል።

ሳይመረመር «ምንም አይደለም» ብሎ የሚቀመጥ ሰው ግን ያሳስበኛል። እኛ አገር በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ በሩ የተጎዳ ወጣት ብዙ ነው። ስለዚህ ኢሲጂም (የልብን የኤሌክትሪክ ምት በወረቀት የሚመዘግበው) ኢኮም (ልብን በአልትራሳውንድ የሚያሳየው) አንድ ጊዜ በደንብ ተነሡ። ጎጃም ደግሞ እንቅርት አለ። አንገት ላይ እብጠት ኖሮ፣ ሰውነት እየከሳ፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ ልብ ከዘለለ የእንቅርቱ ሆርሞን በደም ይታይ። የደም ማነስም እንዲሁ።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው «ልብህ ጤነኛ ነው» ከተባለ በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ጣትን እጅ አንጓ ላይ ተክሎ መዋል! እባካችሁ ጣታችሁን አንሡ። ስትቆጥሩ ትፈራላችሁ፣ ስትፈሩ ሰውነት አድሬናሊን የሚባለውን የድንጋጤ ሆርሞን ይረጫል፣ አድሬናሊኑ ዝላዩን ያበዛዋል፣ እናንተም መብዛቱን አይታችሁ ይብስ ትፈራላችሁ። ከደጀን በኩል የመጡ አንድ አባት ምርመራቸው ሁሉ ደህና ነበር። አላመኑም። ከክሊኒክ ክሊኒክ እየዞሩ ያንኑ ኢሲጂ ይነሣሉ፣ ለዚያ ብለው በግ ይሸጣሉ፣ እርሻውን ለልጃቸው ትተው ቤት ዋሉ። «አባባ፣ ሲያርሱ ነው ወይስ ሲተኙ የሚብስብዎት?» አልኳቸው። «ስተኛ ነው፣ በተለይ በግራ ጎኔ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ሰው ሥራ ላይ ሲሆን የሚጠፋ ዝላይ ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም፤ በግራ ጎን ሲተኛ ደግሞ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለሚጠጋ ጎልቶ ይሰማል። ሐኪሙ ወደ እርሻቸው መለሳቸው። ዝላዩ ዛሬም አለ፣ እሳቸውም እያረሱ ነው።

የግፊት መለኪያው «ምት 40» ቢል ወዲያው አትደንግጡ። ቀድሞ የመጣው ምት ደካማ ስለሆነ ክንድ ላይ ላይደርስ ይችላል፣ ማሽኑም ሳይቆጥረው ያልፋል። ባለሙያ ደረታችሁን አዳምጦ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠርላችሁ።

ጎረቤት ስለከለከለ ብቻ ቡና መተውም አለ። የዘጌን ቡና ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ ምንም የማይሰማው አለ፣ በአንድ ስኒ የሚረበሽ አለ። ሁለት ሳምንት ተዉትና እዩት። እኔ ይበልጥ የምፈራው አረቄን፣ ጫትንና እንቅልፍ ማጣትን ነው።

ጠበል ሂዱ፣ መድኃኒታችሁን ግን አታቋርጡ። ሲያስመልሳችሁና ሲያስቀምጣችሁ ከዋለ ፖታሲየም የሚባለው ለልብ ምት የሚያስፈልግ የደም ማዕድን ይወርዳል፣ ያኔ ልብ ቢዘል አይገርምም። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ተለኩ።

የጎረቤትን ፕሮፕራኖሎል (የልብ ምትን የሚያረጋጋ መድኃኒት) አትዋጡ። አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። ለራሱ የታዘዘለትም በድንገት አያቁም። «ዝላዩን ድራሹን የሚያጠፋ መድኃኒት ስጡኝ» የሚሉም አሉ። የልብ ጥቃት ደርሶባቸው በተረፉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ1989 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ፣ ዝላዩን በደንብ ያጠፉት መድኃኒቶች የሞቱትን ሰዎች ቁጥር ከፍ አድርገውት ተገኙ። ሐኪም «አያስፈልግህም» ሲል ንቆህ አይደለም።

ራስን ካሳታችሁ፣ ደረት ካመማችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ዝላዩ ሥራ ላይ እያላችሁ ከባሰ ወይም ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሂዱ። ከ100 ምት ከ10 በላይ እየዘለለ ለሚውልበት ሰው ደግሞ ምንም ባይሰማውም ልቡ በጊዜ ብዛት ሊደክም ስለሚችል፣ ኢኮው ሐኪሙ በሚለው ጊዜ ይደገምለት።