ብርዱን ሳያስቡ ዛፍ መግዛት፦ አዲስ አበባ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት ሲገባ የከተማችን መንገድ ዳር በችግኝ ይሞላል። ማንጎ አለ፣ አቮካዶ አለ፣ አፕል አለ፤ ሁሉም ለምለም ነው። ሻጩን "እዚህ ይበቅላል?" ብለው ቢጠይቁት "አሳምሮ!" ይልዎታል። እውነቱን ነው፣ ይበቅላል። ማፍራቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ቀበና፣ ካዛንቺስ ሁሉም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 እስከ 2,500 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ናቸው። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚያሰኘው ብርድ ግቢያችን ውስጥ ያለውን ዛፍም ያገኘዋል። ስለዚህ ችግኝ ሻጭን መጠየቅ ያለብን "ይበቅላል ወይ?" ብለን ሳይሆን "እናት ዛፉ የት ነው ያፈራው?" ብለን ነው። መልሱ ደጋ ከሆነ ይግዙ። ቆላ ከሆነ ይለፉት።

"ብርድ ይችላል" ስለተባለ ብቻ መግዛት

ከውጭ የሚመጡ ዘሮችና ችግኞች ላይ ይህ ቃል በብዛት ይጻፋል። እዚያ አገር ትርጉሙ በረዶ ውስጥ ለወራት አንቀላፍቶ፣ ሙቀት ሲመለስ የሚነቃ ዛፍ ማለት ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ረጅም የበረዶ ወቅት የለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ሹራብ ያስወልቃል። እናም ለአዲስ አበባ የሚሆነው ዛፍ የቆላ ሙቀት የማይፈልግ፣ ረጅም እንቅልፍም የማይጠይቅ መሆን አለበት።

ይህ በደንብ የሚታየው አፕል ላይ ነው። አፕል እንቡጡን ለመክፈት ከ7 ዲግሪ በታች የሆኑ ብዙ ሰዓታት ያስፈልጉታል። ከታወቁት የውጭ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከ700 ሰዓት በላይ ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ይህን ልትሰጣቸው አትችልም፤ ሌሊት የተጠራቀመውን ብርድ የቀኑ ፀሐይ መልሶ ያጠፋዋል። እንዲህ ያለ አፕል ቅጠል ያወጣል፣ ይረዝማል፣ ባለቤቱ በየዓመቱ አበባ ይጠብቃል፤ አበባው ግን የለም። አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት ዝርያዎች ግን 300 ሰዓት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ይበቃቸዋል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ይትከሏቸው፤ አንዱ ከሌላው የአበባ ዱቄት ሲያገኝ የተሻለ ያፈራል። አንድ አፕል ብቻ ተክሎ "መካን ነው" ብሎ መቁረጥ በጣም ያሳዝነኛል፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ጓደኛ ነውና። ደጋ ላይ አፕል የሚያለሙ ሰዎች ምርቱ ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉን በእጅ የሚያራግፉትም በምክንያት ነው። ቅጠሉን ያጣ ዛፍ የተኛ ያህል ሆኖ አዲስ እንቡጥ ያወጣል።

የቆላን ዛፍ ደጋ ላይ ማሰቃየት

ማንጎ የአርባ ምንጭና የአሶሳ ነው። ፓፓያም ሙቀት ይወዳል። ሽፈራው ለጤና ጥሩ ነው ተብሎ በየግቢው ተሞክሯል፤ ነገር ግን የኮንሶ ዛፍ ነው፣ እዚህ ቀጭጮ ይቀራል። በአበባው የሚያምረው የድሬዳዋ ዛፍም ስሙ ራሱ አገሩን ይናገራል። ለመንገድና ለግቢ ውበት ከሆነ ጃካራንዳ የአዲስ አበባን አየር ለምዶታል።

ፍሬ ከተፈለገ ወሽመላ እያለ ለምን እንደምንቸገር አይገባኝም። ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፣ ብርዱ አያስደነግጠውም፣ ጥላው ሰፊ ነው፣ ልጆችም ፍሬውን ይወዱታል። ኮክ፣ ፕሪም፣ በለስ እና ካዝሚርም ደጋውን ይችላሉ። ካዝሚርን ግን መኪና ከሚቆምበት ቦታ ያርቁት። ፍሬው ሲበስል እየረገፈ ይፈርጣል። ዘይቱን (ጉዋቫ) እና ሎሚ ሞቅ ያለ ጥግ ካገኙ ይሆናሉ።

አፈሩን ሳያዩ አቮካዶ መትከል

አቮካዶ ሲደርቅ "ብርድ መታው" ይባላል። ብዙ ጊዜ የገደለው ግን ውኃ ነው። ከተማችን ውስጥ ቀይ አፈር ያለበት ሰፈር አለ፣ ጥቁር መረሬ ያለበትም አለ። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ውኃ ይቋጥራል። የአቮካዶ ሥር ደግሞ አየር ካጣ በቶሎ ይበሰብሳል። ጉድጓድ ቆፍሮ ጥሩ አፈርና ፍግ መሙላት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ መረሬ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ውኃ የሚያጠራቅም ገንዳ ነው። ይልቅ አፈሩን ከፍ አድርገው ጉብታ ይሥሩና ጫፉ ላይ ይትከሉት። ውኃው የሚሄድበት ቦይም ያብጁለት።

ሌላው ከዘር የበቀለውን መግዛት ነው። የበሉትን አቮካዶ ፍሬ ቀብረው ያበቀሉት ዛፍ ለማፍራት ከአምስት ዓመት በላይ ያስጠብቃል፤ የሚሰጠው ፍሬም እንደ እናቱ ላይሆን ይችላል። ግራፍት የተደረገ፣ ማለትም ከመልካም ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተጋባበት፣ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ያፈራል። ሲገዙ ግንዱ ላይ የተጋባበትን ጠባሳ ፈልገው ይዩ። ሲተክሉም ጠባሳው ከአፈር በላይ ይሁን። ከጠባሳው በታች የሚወጣውን ቅርንጫፍ ሁሉ ይቁረጡት፤ እሱ የመረጡት ዝርያ አይደለም።

ግቢው ሁሉ እኩል ይበርዳል ብሎ ማሰብ

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውኃ ወደ ዝቅታው ይወርዳል። ስለዚህ በቀበና ወይም በግንፍሌ ወንዝ ዳር ያለ ዝቅ ያለ ግቢ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ካለው ጎረቤቱ ይልቅ ውርጭ ሊመታው ይችላል። በአንድ ግቢ ውስጥም ልዩነት አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምታልፈው። ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ግንብ ቀን የሞቀውን ሌሊት ይመልሳል። ሎሚዎንና ዘይቱንዎን እዚያ ያስጠጉ። አፕልና ፕሪም ሜዳው ላይ ቢሆኑ ግድ የለም።

ለጥላ ሲባል ቤት የሚያፈርስ ዛፍ

ዋርካና ሾላ ግርማ ሞገስ አላቸው፤ ቦታቸው ግን ሰፊ ሜዳ ነው። ሥራቸው ግንብ ይሰነጥቃል፣ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥም ይገባል። ባሕር ዛፍ ለጠባብ ግቢ አይመከርም። ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል፣ ነገር ግን ቅርንጫፉ በነፋስ ይሰበራል፤ ከመብራት ሽቦ በታች ባይሆን ይመረጣል።

ወይራ ለመካከለኛ ግቢ የሚያኮራ ዛፍ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ መቆረጥ ይችላል፣ ብርድና ድርቅ አይበግረውም። ሰፋ ያለ ቦታ ያለው ኮሶ ወይም ዝግባ ቢተክል ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር ነው። ቶሎ ጥላ የሚፈልግ ደግሞ ብሳናን ያስብ።

አጥርና ሐረግን በችኮላ መምረጥ

የፈረንጅ ጽድ አጥር ሲከረከም ያምራል፤ ግን አረንጓዴውን አልፈው እስከ ደረቁ እንጨት ከቆረጡት ቦታው መልሶ አያቆጠቁጥም፣ ባዶውን ይቀራል። የወፍ ቆሎ አበባው ቢያምርም ለከብት መርዝ ነው፣ አካባቢውንም ይወርራል። ጌሾ ግን ደጋውን ይወዳል፤ ጠላ ለሚጠምቅ ቤትም ቅጠሉ አይባክንም። እሾህ ለሚፈልግ ቀጋ አለ።

ከሐረጎች ፓሽን ፍሩት የሚተክል ሐምራዊውን ይምረጥ፤ ቢጫው የቆላ ነው። ወይን ላይ ጠላታችን ብርዱ ሳይሆን የክረምቱ እርጥበት ነው። ፍሬው ዝናብ ላይ ከደረሰ ይሻግታል። ክረምቱ እንደወጣ ቢገርዙት ፍሬው የሚበስለው በበጋ ፀሐይ ነው። ለመዓዛ ከሆነ የአገራችን ጠምበለል አለልዎት።

ረጅሙን ችግኝ መምረጥና ዘግይቶ መትከል

ዓይን የሚስበው ረጅሙ ነው። በፕላስቲኩ ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ግን ሥሩ ተጠምጥሞ ይሆናል፤ መሬት ከገባ በኋላም መጠምጠሙን አይተውም። አጠር፣ ወፈር ያለውን ይውሰዱ። ከቆላ ችግኝ ጣቢያ የመጣ ከሆነ ደግሞ ወዲያው አይትከሉት፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ከቤት ጥግ አስጠግተው ብርዱን ያለማምዱት።

በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ ጥቅምት ይደርስበታል። ወይራ፣ ጌሾ፣ ወሽመላና የመሳሰሉትን በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ይትከሉ። ውኃ ማጠጣት ከቻሉ አቮካዶ፣ ሎሚና ዘይቱን መጋቢት ላይ፣ በበልጉ ዝናብ ቢገቡ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ብርድ ሲመጣ ሥር ሰደው ይጠብቁታል። በመጀመሪያው ዓመት ከጥቅምት እስከ ጥር ማታ ማታ በጆንያ ይሸፍኗቸው፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ያንሱላቸው።