የክፍል ድረ ገጽ የሚሠሩ መምህራን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። የክፍል ድረ ገጽና የጉግል ፎርም ጥያቄ ለሰሜን ሸዋ መምህርም የትርፍ ሰዓት ጨዋታ መሆናቸው ቀርቷል። ይህ ደስ ይላል። የሚያሳዝነው ግን ብዙ የተደከመበት ገጽ ተማሪ ሳይከፍተው መቅረቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው የመምህሩ ጥረት አይደለም፤ ገጹን ማን እንደሚከፍተው አስቀድሞ አለማሰብ ነው።

እኔ ሁልጊዜ የማስበው አንድ ተማሪ አለ። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ መሐል ሜዳ ቤት ተከራይቶ ይማራል። ስልክ የሚያገኘው ከጓደኛው ነው፤ የኢንተርኔት ጥቅሉም ትንሽ ነው። ስህተቶቹን የምመዝነው በእሱ ዓይን ነው።

ሁሉንም በአንዴ መጀመር

አንዱ ስልጠና ላይ ክላስሩም (የጉግል የቤት ሥራ መስጫና መቀበያ) ይባላል፣ ሌላው ላይ ካሁት (የጥያቄና መልስ ጨዋታ)፣ ቀጥሎ ካንቫ (የሥዕልና የፖስተር መሥሪያ)። ሁሉም ይከፈታል፣ አንዱም አይዘለቅበትም። ለመጀመሪያው ሴሚስተር የጉግል ድረ ገጽ መሥሪያ የሆነው ጉግል ሳይትስ ብቻ ይበቃዎታል። ነጻ ነው፣ ኮድ መጻፍም አይጠይቅም። ማስታወቂያውን ለቴሌግራም ይተዉት።

በላፕቶፕ ብቻ አይቶ ማጽደቅ

በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ሁሉም ነገር ያምራል። ገጹን ከመልቀቅዎ በፊት በርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ይክፈቱት። ከእርስዎ አካውንትም ይውጡ። አብዛኛው ችግር እዚያው ይታያል።

የተቆለፈ ፋይል ማያያዝ

ይህ ከሁሉም የበዛው ነው። መምህሩ ኖቱን ጉግል ድራይቭ ላይ ይጭናል፣ ሊንኩን ገጹ ላይ ያስቀምጣል፣ ለእሱ ይከፈትለታል። ተማሪው ሲጫን ግን «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ይመጣበታል። ፈቃዱን መምህሩ ኢሜይሉን ሲያይ ይሰጥ ይሆናል፤ ተማሪው ግን የተዋሰውን ስልክ መልሷል። ፋይሉ ሼር የሚደረግበት ቦታ ገብተው «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል» የሚለውን ይምረጡ። ማየት ብቻ እንጂ ማረም እንዳይፈቅዱ።

ከባድ ፒዲኤፍ መጫን

20 ገጽ የእጅ ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንስቶ ፒዲኤፍ ማድረግ ቀላል ነው፤ ፋይሉ ግን 40 ወይም 60 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። ያው ኖት በኮምፒውተር ቢጻፍ፣ ሥዕል ካልበዛበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜጋባይት አይበልጥም። በትንሽ ጥቅል ለሚማር ልጅ ይህ ልዩነት ማንበብና አለማንበብ ነው። ለመጻፍ ጊዜ ካጡ በምዕራፍ ከፋፍለው ይጫኑት። ቴሌግራም ላይ ሲልኩ ደግሞ ፎቶን እንደ ፋይል አይላኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ራሱ ያቀለዋል። አንድ ተማሪ ያወረደውን ሌሎቹ ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያቀባብለው በዜንደር መተግበሪያ ይቀባበሉታል፤ ይህንን ያበረታቱ።

በፓወር ግዕዝ የተጻፈን ቀድቶ መለጠፍ

በየትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ብዙ የቆየ ኖትና ፈተና አለ። ወደ ድረ ገጹ ሲለጠፍ የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ይወጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ነው የጫኑት። ፎንቱ የሌለበት ስልክ የሚያየው ላቲኑን ብቻ ነው። ዩኒኮድ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው። ግዕዝ እዚያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሁን ስልኮችም ኮምፒውተሮችም ያነቡታል። አዲሱን ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፉ። ስልክ ላይ ጂቦርድ፣ ኮምፒውተር ላይ ኪይማን ወይም የዊንዶውስ የአማርኛ ኪቦርድ ይሆንልዎታል። የድሮውን ከዚያው ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርገው ቢያወጡት ቢያንስ ይነበባል።

አንድ ሰው አንዴ ብቻ እንዲመልስ መወሰን

ጉግል ፎርም ላይ ይህን ምርጫ ሲያበሩ ተማሪው በጉግል አካውንት እንዲገባ ይገደዳል። ሦስት ልጆች አንድ ስልክ ሲጋሩ የመጀመሪያው ይመልሳል፤ ሁለቱ ይዘጋባቸዋል። ለመለማመጃ ጥያቄ ያጥፉት። ተማሪዎቹ ስምና ክፍላቸውን ይጻፉ፣ በቂ ነው።

ሰዓቱንና ቀኑን ለማሽኑ መተው

ወደ ክላስሩም ሲሻገሩ ማስረከቢያ ቀኑን ብቻ ሞልተው ሰዓቱን ካልነኩት ራሱ 11:59 ብሎ ያስቀምጣል። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር ለሌሊቱ 6 ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለቱ ነው። ተማሪው ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ያለውን 11:59 ይረዳና «አለፈኝ» ብሎ ይተወዋል። ቀኑም ኖቬምበር 29 ብሎ ይወጣል፤ ልጁ የሚያውቀው ኅዳር 20ን ነው። በመመሪያው ላይ በእኛ ቀንና ሰዓት ደግመው ይጻፉት።

ቀን ሲመርጡ ደግሞ ዓርብ ሰጥቶ እሑድ ማታ መቀበልን ይርሱት። ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። እዚያ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል፤ ሥራም ይጠብቀዋል። ማክሰኞ ሰጥተው ዓርብ ቀን ቢቀበሉ ብዙ ልጅ ያተርፋሉ። ስለ ዲጂታል ትምህርት በሚሰጡ ስልጠናዎች ላይ ይህ ሲነሳ ብሰማ እንዴት ደስ ባለኝ።

ውጤትና ፎቶ በአደባባይ መለጠፍ

በስም የተዘረዘረ ውጤት ለሁሉም ክፍት በሆነ ገጽ ላይ አይቀመጥም። 28 ያገኘች ልጅ ስሟ ለዓመታት ጉግል ላይ ሊፈለግ ይችላል። የልጆችን ፎቶም ወላጅ ሳይጠየቅ አይለጥፉ። ለወላጆች ስብሰባ ሲመጡ በጽሑፍ ያስፈርሟቸው። ሀገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ ርእሰ መምህሩም ቢያነበው ጥሩ ነው።

ገጹን በአንድ ሰው ስልክ ላይ ማንጠልጠል

መምህር ይዛወራል። ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ሲዛወር ሲም ካርድ ይቀይራል፣ የይለፍ ቃሉን ይረሳል፣ የማረጋገጫ ኮዱ በማይሠራ ቁጥር ላይ ይመጣል። ገጹም በ2015 የፈተና ፕሮግራም ቆሞ ይቀራል። ከመጀመሪያው ቀን አንድ የሙያ ባልደረባዎን በኢዲተርነት ያስገቡ። ከመሄድዎ በፊት ባለቤትነቱን ለእሱ ያስተላልፉ፤ ድራይቭ ላይ ያሉትን ፋይሎችም ጭምር። ገጹ ቢተላለፍም ፋይሎቹ በእርስዎ አካውንት ውስጥ ስለሚቀሩ ለየብቻ ነው የሚተላለፉት።