የሳሳካዋ የግማሽ ሄክታር በቆሎ፦ አዘራሩና ዕዳው

በጃፓናዊው ሪዮይቺ ሳሳካዋ ገንዘብ የተጀመረውን የእርሻ ፕሮግራም የማሳያ ማሳ ደምቢያ ወይም ጎንደር ዙሪያ ላይ ለመድገም ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር፣ ያስፈልጋል። ከዚያ ካነሰ ገበሬው የጓሮ ሥራ አድርጎ ያየዋል። ለዚህ ስፋት 12.5 ኪሎ ዲቃላ ዘር፣ 50 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) እና 50 ኪሎ ዩሪያ ይበቃል።

ዝናቡ ሲጸና በገመድ እየለኩ ይዝሩ፤ በመስመር መካከል 75፣ በፍሬ መካከል 30 ሳንቲሜትር። ኤንፒኤሱ ለ10 ሜትር መስመር 75 ግራም ነው። አንዴ በሱቅ ሚዛን አስመዝነው ጣሳ ላይ ምልክት ያድርጉ። ማዳበሪያው ፍሬውን ከነካ ያቃጥለዋል፤ በመካከላቸው አፈር ይግባ። ዩሪያው ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ፣ ከታረመ በኋላ፣ ከግንዱ 10 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ይቀበራል። ላይ ላዩን ከተበተነ ናይትሮጅኑ ይተናል። ዋልካ መሬት ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ብዙዎች ዩሪያ ይጨምራሉ፤ ውሃ ተኝቶበት ሥሩ ታፍኖ ከሆነ ግን መፍትሔው ቦይ ማውጣት ነው።

ገበሬዎች ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ሲጠይቁ ሳይሸሽጉ ይንገሯቸው። ሪዮይቺ ሳሳካዋ በጦር ወንጀል ተጠርጥሮ ሦስት ዓመት ታስሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ያለ ፍርድ ተለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1962 የመሠረተው፣ ዛሬ ኒፖን ፋውንዴሽን የሚባለው ድርጅት ገንዘብ የሚያገኘው ከሞተር ጀልባ ውድድር ውርርድ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ1977ቱ ረሃባችን በኋላ ከስንዴ ተመራማሪው ኖርማን ቦርሎግና ከቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ጋር የአፍሪካውን የእርሻ ሥራ ጀመረ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1993 ኢትዮጵያ ገባ።

ምርቱ በእርግጥ ጨመረ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1995 አሠራሩን በስፋት ወሰደው። ገበያው ግን አልተዘጋጀም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 መባቻ የበቆሎ ዋጋ ወድቆ ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈል አቃተው። ይህ በእኛ ግምት ከመሥራቹ ታሪክ ይልቅ ገበሬውን የጎዳ ነው።

ስለዚህ ብድር ከመፈረም በፊት ያለፈውን ጥር የቅዳሜ ገበያ የኩንታል ዋጋ በግማሽ ቀንሰው፣ ዕዳው ስንት ኩንታል እንደሚሆን ያስሉ። ከሚጠበቀው ምርት ሲሶ ካለፈ አንድ ጥማድ ብቻ ይዝሩ።

በመኸር ርካሽ ዋጋ ላለመሸጥ በቆሎው በደንብ ይድረቅ። የደረቀ ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ ሞልተው ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው ይናጡ፤ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ካልተለጠፈ ሁለት ውስጠኛ ላስቲክ ያለው ከረጢት ውስጥ አስገብተው ሦስቱንም አፍ ለየብቻ ይሰሩ፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል።