ቼዝ ለሚማሩ ልጆች ሰው መሰል ተጋጣሚ
የክረምቱ ጭጋግ ልጆችን ቤት በሚያውልበት በዚህ ወቅት፣ ደሴ ውስጥ በኮምፒውተር ቼዝ የምታለማምዱ ሁሉ፣ ስቶክፊሽ የተባለውን ኃይለኛ የቼዝ ፕሮግራም አዳክማችሁ ከምታጋጥሟቸው ይልቅ ማያ የተባለውን ፕሮግራም እንድትሞክሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ስቶክፊሽ ደረጃው ሲቀነስ ሆን ብሎ ደካማ እርምጃ ስለሚቀላቅል፣ እንደ ሊቅ ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ንግሥቱን በነጻ ይሰጣል፤ ልጁም ማሰብን ትቶ ስጦታ መጠበቅን ይለምዳል፣ ይህም በእጅጉ ያሳስበኛል። በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ማያ ግን ሊቼስ በተባለው የኢንተርኔት ቼዝ መጫወቻ ላይ ሰዎች ከተጫወቷቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጨዋታዎች ስለተማረ ስሕተቱም የሰው ነው፤ ለምሳሌ ፈረስ ንጉሡንና ንግሥቱን በአንድ ጊዜ ሊይዝበት ሲቃረብ ሳያስተውል ወታደር ይገፋል። በቼዝ የብቃት ነጥብ ከ1100 እስከ 1900 ካሉት ደረጃዎቹ በዝቅተኛው ጀምሩ። ስትጭኑትም አርቆ እንዳያሰላ የፍለጋውን መጠን (nodes የሚለውን) በ1 ገድቡት፤ አለዚያ ሰው መምሰሉን ይተዋል።