ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠውን ማይክሮዌቭ እንዴት እንጠቀምበት

እህቴ ከአረብ አገር ስትመለስ ካመጣቻቸው እቃዎች አንዱ ማይክሮዌቭ ነበር። ደሴ እናቴ ቤት ገባና ሳሎን ቡፌው ላይ ቁጭ አለ፣ እማዬ በእጇ የሰራችውን ነጭ ዳንቴል አለበሰችው፣ ከላይ የፕላስቲክ አበባ ተጨመረበት፣ በቃ ስምንት ወር ምናምን እንደዛው ከረመ። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ መጥቶ "ይሄስ ምንድነው?" ሲል "ምግብ ማሞቂያ ነው አሉ፣ ግን ጨረር አለው" ትላለች። ከዛ ረመዳን ላይ ሌሊት ለሱሁር ስንነሳ ሲሊንደሩ ጋዝ አልቆበት ተገኘ፣ ዳንቴሉ ተነሳ፣ ሰካነው፣ በዛው ሌሊትም እንቁላል አፈነዳንበት (እሱን እመጣበታለሁ)። ብዙ ቤት እንዲሁ ተጋርዶ የተቀመጠ ስላየሁ ነው የምጽፈው። እቃው ጥሩ ነው፣ አብሽሩ፣ ጸባዩን ማወቅ ብቻ ነው።

ጸባዩ ምንድነው? ምጣድም ምድጃም መጀመሪያ ራሱ ግሎ ነው ምግቡን ከውጪ የሚያሞቀው። ይሄ ግን ሞገድ ነው የሚለቀው፣ የራዲዮ ሞገድ ዘመድ ነው፣ 2.45 ጊጋኸርዝ፣ እሱ ምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ እያርገበገበ ምግቡን ራሱን ያሞቀዋል፣ ሳህኑ የሚሞቀው ከምግቡ ተቀብሎ ነው። ደግሞ ሞገዱ ብዙ ዘልቆ አይገባም፣ 2 ወይ 3 ሳንቲ ሜትር ቢገባ ነው፣ መሃሉ ከዳር ዳሩ እየተቀበለ ነው የሚሞቀው፣ ዳሩ ምላስ ሲያቃጥል መሃሉ ቀዝቃዛ የሚሆነው ለዛ ነው። የተገኘውም በአጋጣሚ ነው፣ በፈረንጆቹ 1945 አሜሪካ ውስጥ ፐርሲ ስፔንሰር የሚባል መሃንዲስ ራዳር ላይ ሲሰራ ኪሱ ውስጥ ያለ ቸኮሌት ቀለጠበት ይባላል፣ 1947 ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ ሰው የሚያክል ቁመት ነበረው፣ 340 ኪሎ ይመዝናል፣ እሱን እንግዲህ ማን ዳንቴል ያለብሰው።

ጨረር የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ኤክስሬይ አይነት ጨረር አይደለም፣ ምግቡም ውስጥ የሚቀር ነገር የለም፣ በሩ ሲከፈት ሞገዱ ወዲያው ይቆማል ልክ አምፖል ስታጠፉ ብርሃኑ እንደሚጠፋው። መስታወቱ ላይ የምታዩት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብረት ለጌጥ አይደለም፣ ሞገዱ ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዛች ሚጢጢ ቀዳዳ አያልፍም። መፍራት ያለባችሁ በሩ ተጣሞ ወይ ማጠፊያው ላልቶ በደንብ አልገጥም ካለ ነው፣ እንደዛ ከሆነ አትጠቀሙ በቃ።

አሁን ወደ ስራው። መጀመሪያ ሶኬት ሳትሰኩ ጀርባውን አዙራችሁ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። የኛ መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው (ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው)። ከዱባይ የመጣ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ከሳውዲ ከሆነ ግን እያያችሁ፣ እዛ ኸርዙ 60 ነው፣ ድሮ ድሮ 127 ቮልትም ነበር። ከአሜሪካ የመጣውማ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ በቀጥታ ከሰካችሁት ያን ቀን አለቀለት። ትራንስፎርመር ገዝተን እንሰካለን የሚሉ አሉ፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፣ ስለዚህ ማይክሮዌቩ ውስጥ ያለው ሌላ ትራንስፎርመር እያጉረመረመ ይግላል፣ እኔ ብሆን ሻንጣ ሳይዘጋ በፊት አምጪዋ ጋ ደውዬ "እሱን ተዪው የኔ ሸጋ፣ በምትኩ ብርድ ልብስ አምጪ" ነው የምላት።

ከአረብ አገር የሚመጣው ስፒናው ደግሞ ሶስት ወፍራም ጠፍጣፋ እግር ነው፣ እኛ ሶኬት አይገባም፣ ሰው ከሱቅ ቀጭን ማቀያየሪያ ገዝቶ ይሰካበታል። እማዬ ቤት ያደረግነው እሱን ነበር፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ማቀያየሪያው ቡኒ ሆኖ የተቃጠለ ላስቲክ መሽተት ጀመረ። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርታችሁ ስፒናውን ኤርዝ ባለው አስቀይሩት፣ ኤርዝ ያለው ሶኬት ላይ ሰኩት፣ ዋጋው ቀላል ነው። ዲቫይደር ላይ ከምጣድ ጋር አብራችሁ አትሰኩ፣ ማይክሮዌቭ ከ1,200 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፣ ሁለቱን አንድ ዲቫይደር አይችላቸውም። መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፣ ሲመጣ ዘሎ ነው የሚመጣው፣ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ።

ቦታውን በተመለከተ ጀርባውንም ጎኑንም አናቱንም አየር ይግባው፣ ከላይ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይሁን፣ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች አሉት፣ ዳንቴል ሲደረብበት እነሱ ናቸው የሚታፈኑት። እማዬ ይሄን ስነግራት ቅር አላት፣ አሁን ዳንቴሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው።

ቀጥሎ እቃው፣ ምን ውስጥ አድርገን እናሙቅ የሚለው። ብረት የሚባል ነገር በሙሉ አይገባም፣ ማንኪያ፣ ብረት ሰሃን፣ ፎይል። ሰው የሚረሳው ሲኒ ነው! አፉ ላይ ወርቅማ መስመር ያለው ሲኒ አለ አይደል፣ እሷ መስመር ብረት ነች፣ ቶናው በረደ ብላችሁ ብታስገቡት ጢስ ጢስ እያለ ሰማያዊ ብልጭታ ያወጣል፣ ወርቁም ይጠቁራል። ያ የማይሰበረው አበባ የተሳለበት ሚላሚን ሰሃንም አይሆንም። ፌስታል አይሆንም፣ የእርጎና የአይስክሬም ባዶ እቃም እንደዛው፣ ይቀልጣል። የሸክላ ድስት ውሃ ስለሚመጥ ራሱ ግሎ እጅ ያቃጥላል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። የሚሻለው ሙቀት የሚችል መስታወት ሳህን ወይ ነጭ ፖርሴሊን ነው፣ ፕላስቲክ ከሆነ ለማይክሮዌቭ ይሆናል የሚል ምልክት ስሩ ላይ ፈልጉ። የተጠራጠራችሁት ሳህን ካለ ባዶውን አስገቡትና አጠገቡ በብርጭቆ ውሃ አድርጋችሁ 1 ደቂቃ አሙቁ፣ ውሃው ሞቆ ሳህኑ ቀዝቃዛ ከሆነ ይሆናል፣ ሳህኑ ከጋለ አይሆንም። ብርጭቆ ውሃውን አትርሱ፣ ባዶውን ማስነሳት ማሽኑን ራሱን ይጎዳዋል።

እንጀራ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ 1 ደቂቃ ይሰጠውና ጫማ ሶል ሆኖ ይወጣል ከዛ "ማይክሮዌቭ ለሀበሻ ምግብ አይሆንም" ይባላል። ንጹህ ጨርቅ ወይ ሶፍት በውሃ ነክራችሁ ጨምቁት፣ እንጀራውን አጥፋችሁ በሱ ሸፍኑ፣ ለአንድ እንጀራ 15 እስከ 20 ሰከንድ፣ አለቀ። ሲወጣ ቶሎ ብሉት ምክንያቱም ሲቀዘቅዝ ከበፊቱ ይብስበታል። ዳቦም እንዲሁ ነው።

ወጥ ደግሞ ሌላ ነው። ሽሮ ያለ ክዳን ካስገባችሁ ሰማይ ምድሩን ነው የሚለቀልቀው፣ ስለዚህ ሳህን ድፉበት፣ በትንሹ ክፍተት ተዉለት እንፋሎቱ ይውጣ። ወጡን መሃል ላይ አትከምሩት፣ ወደ ዳር ገፋ ገፋ አድርጉና መሃሉን ጎድጎድ አድርጉት። 1 ደቂቃ ተኩል አሙቁ፣ አውጥታችሁ አማስሉ፣ መልሳችሁ 1 ደቂቃ፣ ከዛ ሳትከፍቱ ሁለት ደቂቃ ይረፍ፣ በረፍቱ ነው ሙቀቱ መሃል የሚደርሰው። የትናንት ስጋ ወጥ ከሆነ ለብ ብሎ አይበቃም፣ መሃሉ ድረስ እንፋሎት ማውጣት አለበት፣ ቴርሞሜትር ያለው ሰው 74 ዲግሪ ይይ። ክዳኑን ስታነሱ ከፊታችሁ ወዲያ አዙራችሁ።

እንቁላሉ ጋ መጣሁ። ያን ሌሊት ወንድሜ ዶሮ ወጡን ከነሙሉ እንቁላሉ አስገባው፣ ሁለት ደቂቃ፣ ምንም ድምጽ የለ፣ ወጣ፣ ሳህኑ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ እሱም በሹካ ወጋ አደረገው። ቡም! አስኳሉ ግድግዳ ላይ፣ ቀዩ ወጥ መጋረጃው ላይ፣ ትንሽ ደግሞ ዓይኑ ውስጥ፣ በርበሬ መሆኑን አትርሱ፣ አዛን ሊል አስር ደቂቃ ቀርቶት ፊቱን ሲታጠብ ሱሁሩ አመለጠው። ነገሩ ምንድነው አስኳሉ ውስጥ ያለው ውሃ መውጫ አጥቶ ከመፍያው በላይ ይግላል፣ ስትወጉት ባንዴ እንፋሎት ይሆናል። ስለዚህ እንቁላል ከነቅርፊቱ በፍጹም፣ የተላጠም ቢሆን አራት ቦታ ቆራርጣችሁ ወይ አውጥታችሁ። ድንችም እንደዛ ነው፣ ከነልጣጩ ከሆነ በሹካ ስምንት አስር ቦታ ውጉት።

ውሃ ራሱ እንደዚህ ይሰራል፣ በተለይ አዲስ ልሙጥ ብርጭቆ ውስጥ ሳይንፈቀፈቅ ጸጥ ብሎ ይግልና ስኳር ስትጨምሩበት ገንፍሎ እጅ ላይ ይወጣል። የእንጨት ማንኪያ ጣል አድርጉበት፣ ካለቀ በኋላም ግማሽ ደቂቃ ተዉት። በነገራችን ላይ ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ እኛ ጋ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ኮምቦልቻ ወረድ ስትሉ ወደ 94፣ ስለዚህ ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ ድንች ወይ ሩዝ ይሄን ያህል ደቂቃ ካለ ትንሽ ጨምሩበት።

የህጻን ጡጦ አታሙቁበት። ጡጦው ሲነካ ለብ ያለ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አንድ ቦታ የፈላ አለ፣ የልጁን አፍ ይልጠዋል። ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው የሚሻለው።

ከፍሪዘር የወጣ ስጋ ወይ የሐይቅ ዓሳ ከሆነ ዲፍሮስት (በረዶ ማሟሚያ) የሚለውን ወይ ፓወሩን 30 በመቶ አድርጉ። በረዶ ሞገዱን እንደ ውሃ አይቀበለውም፣ በሙሉ ሃይል ከሆነ መጀመሪያ የሟሟው ጥግ ሲበስል ሌላው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። በየ2 ደቂቃው ገልብጡት፣ እንደሟሟም ወዲያው አብስሉት። ቅቤና ማርም በዝቅተኛ ፓወር ነው። ሳምቡሳን ግን ተዉት፣ ሞገዱ ጥርሽ አያደርግም፣ እንደ ረጠበ ካርቶን ነው የሚሆነው፣ ሳምቡሳ ምጣድ ላይ ነው የሚነሳው።

ጽዳቱ ቀላል ነው። ግማሽ ሎሚ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ጨምቁ፣ የእንጨት ማንኪያ አግቡበት፣ 4 ደቂቃ አፍሉ፣ ሳትከፍቱ 5 ደቂቃ ተዉት፣ ከዛ ሶኬቱን ነቅላችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የደረቀ በርበሬ ሳይፋቅ ይለቃል፣ በቢላ አትፋቁት። የበሩን ዙሪያም ጥረጉ፣ ቅባት ከተጋገረበት አይገጥምም።

ውስጡ እሳት ከተነሳ፣ ፈንዲሻ በወረቀት ከረጢት ልናፈነዳ ብለው ብዙዎች አድርገውታል፣ በሩን እንዳትከፍቱ፣ አየር ሲያገኝ ይብሳል፣ አጥፉና ስፒናውን ንቀሉ፣ በራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ። ከተበላሸ ደግሞ ሰፈር ውስጥ "ራዲዮ እፈታለሁ፣ ይሄማ ምን አላት" የሚል ልጅ አይጠፋም፣ እሱን አታስነኩት፣ ውስጡ ካፓሲተር የሚባል ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም እቃ አለ፣ ተነቅሎም እንኳ ከ2,000 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ሰው ይገድላል። ይሄን እቃ ፈትቶ የሚያውቅ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት፣ እስከዛው ወጡን ቡታጋዝ ላይ።