ሐኪም የጻፈውን የጡንቻ በሽታ ስም እንዴት እናንብብ?

አክስቴ ደሴ ታክማ ኮምቦልቻ የተመለሰች ቀን፣ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደችው ወባ ይዞኛል ብላ ነው። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ልጅ ወረቀቷ ላይ ያለውን «ማያልጂያ» ሲያነብላት «ማሌሪያ» ያላት መሰላት። «አብሽሪ፣ ጡንቻዬን ያመኛል ያልሽውን ነው የጻፉት» አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥማችሁ ቆራርጣችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ «ማዮ» ወይም «ማያ» የሚል ድምፅ ፈልጉ። ከግሪክ የመጣ ነው፤ ጡንቻ ማለት ነው። «ካርድ» ከተከተለው የልብ ጡንቻ ነው። «ማዬሎ» ግን ሌላ ነው፦ መቅኒ ወይም ሕብለ ሰረሰር።

ቀጥሎ የቃሉን መጨረሻ እዩ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። «አልጂያ» ሕመም ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም። «አይቲስ» መቆጣት ነው። ማዮሳይቲስ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ አቅም ማጣቱ ይብስበታል፤ ከበርጩማ መነሳት፣ ፀጉር ለማበጠር እጅን ማንሳት ያቅተዋል። «ፓቲ» በጥቅሉ በሽታ ነው። «አትሮፊ» መመንመን ነው፤ ጄሶ የተፈታለት እግር ቀጥኖ የምናየው በዚሁ ነው።

«ዲስትሮፊ» ላይ ግን ቆም በሉ። በዘር የሚመጣ፣ ጡንቻን እያዳከመ የሚሄድ በሽታ ነው። በፈረንሳዊው ሐኪም ስም ዱሼን የሚባለው ዓይነት በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን ይይዛል። ልጁ ከመሬት ሲነሳ መጀመሪያ በእጁም በእግሩም ይቆማል፤ ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ እየደገፈ የገዛ አካሉን እንደ መሰላል ይወጣል። ባቱ ወፍሮ ስለሚታይ ወላጅ ጠንካራ ነው ብሎ ይዘናጋል። እባካችሁ «ሰነፍ» አትበሉት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

«አስቴኒያ» አቅም ማጣት ነው። ማያስቴኒያ ግራቪስ የዓይን ሽፋንን ያወርዳል፤ ጠዋት ደህና የነበረው ሰው ወደ ማታ ይብስበታል። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ጊዜ አይሰጥም።

«ላይሲስ» መፍረስ ነው። ራብዶማዮላይሲስ ሲሆን የፈረሰው ጡንቻ ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ግድግዳ የተጫነው ወይም ከአቅሙ በላይ የሠራ ሰው ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ ወጌሻ ቤት ሳይሆን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።

በመጨረሻ «ምን አመጣው?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። አክስቴ በቀጠሮዋ በፌስታል ይዛ ሄደች። ሐኪሙ አንድ በአንድ እያነሳ ሲያይ ከመካከሉ ለኮሌስትሮል የሚሰጠውን ስታቲን አገኘ፤ እሱ ጡንቻን ሊያሳምም ይችላል። ደሟን አስመርምሮ መድኃኒቱን ቀየረላት።