ፖሊቴክኒክ ኮሌጅን ከወርክሾፑ በር ጀምሮ ማስተዳደር፦ ለአዲስ ዲን የተዘጋጀ መመሪያ

የመንግሥት ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ዲን ሆኖ የተሾመ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠብቀው የደብዳቤ ክምር፣ የዕቅድ ክለሳና የስብሰባ ጥሪ ነው፤ ወርክሾፑን ተረጋግቶ የሚያየው ዘርፉን ከሚመራው የክልል ወይም የከተማ ቢሮ የጉብኝት ቡድን ሲመጣ ብቻ የሚሆንበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ይህ መመሪያ ያንን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ የተጻፈ ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሥርዓት ከሚኒስቴር እስከ ኮሌጅ የቱንም ያህል መዋቅር ቢዘረጋለት፣ መሥራት አለመሥራቱ የሚለየው ሠልጣኙ መሣሪያ በእጁ በሚይዝበት ሰዓት ስለሆነ፣ የዲኑም ዕቅድ ከዚያ ሰዓት ወደ ኋላ እየተቆጠረ መዘጋጀት ይኖርበታል።

የሕጉን ነገር በአጭሩ ልጥቀስ። ዘርፉ በመጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 391/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 954/2008 ሲመራ ቆይቷል፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ሥልጠናው ውጤት ተኮር እንዲሆን ወስኗል፤ አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ ዘርፉን ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሰጥቶታል። ለዲን የሚጠቅመው ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የሥራ ክፍፍል ነው፤ የሙያ ደረጃው፣ ማለትም ለአንድ ሙያ የሚያስፈልጉትን ብቃቶች በአሃድ በአሃድ የሚዘረዝረው ሰነድ፣ የሚወጣው በፌዴራል ነው፤ በጀቱን፣ ሹመቱንና የቅበላ ቁጥሩን የሚወስነው ክልሉ ወይም የከተማ አስተዳደሩ ነው፤ ሠልጣኙ ብቁ መሆን አለመሆኑን የሚናገረው ግን ከኮሌጁ ውጭ ያለ መዛኝ ነው። ኮሌጁ በራሱ እጅ ያለው አንድ ነገር ሥልጠናው ብቻ ነው።

ሁለቱ የቀን መቁጠሪያዎች

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ሥልጠናው ግን ምዝገባው፣ ምደባውና የሠልጣኞች ገለጻ አልቆ በወጉ የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ጥቅምት ገብቶ ነው። የዕቃ ጥያቄ ከየሙያ ክፍሉ በጥቅምት ከተሰበሰበ፣ በግዥ ኮሚቴ፣ በጨረታ፣ በውልና በርክክብ ሲያልፍ ዕቃው የሚደርሰው የካቲት ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሠልጣኙ ብየዳን በጠመኔ ይማራል። ስለዚህ የፍጆታ ዕቃ ዝርዝር ሐምሌ ሲገባ ተፈርሞ በግዥ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ መገኘት አለበት፤ ያ እንዲሆን ደግሞ አሠልጣኞች ለክረምት ከመበተናቸው በፊት፣ በግንቦት፣ መቀመጥ አለባቸው።

ዝርዝሩ የሚሠራው «ባለፈው ዓመት ስንት ጠየቅን» በሚል ስሌት ሳይሆን ከሙያ ደረጃው ነው። እያንዳንዱ የብቃት አሃድ ሠልጣኙ ምን ሠርቶ እንዲያሳይ እንደሚጠይቅ ተጽፏልና፣ አሠልጣኙ ለዚያ ሥራ አንድ ሠልጣኝ ምን ያህል ዕቃ እንደሚፈጅ ይጽፋል። ለምሳሌ በብየዳ አንድ ሠልጣኝ በተግባር ቀን 15 ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ የሚያልቀው የብየዳ ዘንግ) ይጨርሳል ብንል፣ ለ25 ሠልጣኞች 375፣ ለ40 የተግባር ቀናት 15,000 ኤሌክትሮድ ይሆናል፤ የ3.2 ሚሊ ሜትሩ አንዱ ፍሬ በግምት 30 ግራም ስለሚመዝን ይህ 450 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ይዞ የበጀት ክርክር የገባ ዲንና «የብየዳ ዕቃዎች፣ በጅምላ» ብሎ የገባ ዲን እኩል አይደመጡም። በጀቱ ቢቀነስ እንኳ ከ40ው ቀን ስንቱ እንደጠፋ በግልጽ ይታወቃል፤ ለቢሮውም በቁጥር ይነገራል።

የጥራት መግለጫውንም ለግዥ ሠራተኛ አይተዉት። «ኤሌክትሮድ» ተብሎ ብቻ የተጠየቀ ዕቃ በዝቅተኛ ዋጋ የቀረበውን ያመጣል፤ ዓይነቱ፣ ውፍረቱና የማሸጊያው ሁኔታ በአሠልጣኙ እጅ መጻፍ አለበት፤ ዕቃው ሲገባም ያው አሠልጣኝ ከርክክብ ኮሚቴው ጋር መቆም አለበት።

እኔ በሠራሁበት አንድ ኮሌጅ በጀት እንዳይመለስ በሚል በሰኔ የመጨረሻ ቀናት ኤሌክትሮድ በብዛት ተገዛ። የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ካርቶኖቹ ክረምቱን ሙሉ ወለል ላይ ከረሙ። በጥቅምት ስንከፍታቸው የአንዳንዱ ሽፋን በጣት ሲነካ ይረግፍ ነበር፤ ሠልጣኞቹ በተረፈው የሠሩት ብየዳ እንደ እንጀራ ዐይን አወጣ። በወረቀት ግን ሁሉም የተስተካከለ ነበር፤ ዕቃው በሞዴል 19 ገብቷል፣ በሞዴል 20 ተጠይቋል፣ በሞዴል 22 ወጥቷል፣ ኦዲተርም እንከን አላገኘበትም። ከዚያ ወዲህ የመጋዘን ሪፖርት ሲቀርብልኝ የምጠይቀው ስንት እንዳለ ብቻ አይደለም፤ ከወለሉ ከፍ ብሎ መቀመጡንም እጠይቃለሁ።

አሠልጣኙና የመሣሪያ ክፍሉ

አሠልጣኞች በኤ፣ በቢ እና በሲ ደረጃ ይመደባሉ፤ ዲግሪ ያለው ንድፈ ሐሳቡን፣ የዝቅተኛ ደረጃው ተግባሩን ይያዝ የሚል ያልተጻፈ ልማድም በየኮሌጁ አለ። ይህን ልማድ ያፍርሱት። የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ከማጽደቅዎ በፊት እያንዳንዱ አሠልጣኝ በሚያሠለጥንበት ሙያ ራሱ ተመዝኖ ብቁ መባሉን ከፋይሉ ያረጋግጡ፤ ያልተመዘነ ካለ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ስሙና የምዘና ወሩ ይግባ። ደመወዝ መጨመር የዲን ሥልጣን አይደለም፤ የቅዳሜና የማታ ሥልጠና ክፍያን ሳያዘገዩ መክፈል ግን የዲን ሥልጣን ነው፤ ጥሩ አሠልጣኝ ወደ ግል ድርጅት ሲሄድ በስንብት ሻይ ላይ የሚያነሣው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

የመሣሪያ ክፍሉን ጠባቂ እንደ ተላላኪ የሚያይ ኮሌጅ ወርክሾፕ የለውም ማለት ይቻላል። ካይዘን የተባለው የጃፓን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ወደ ኮሌጆች ከገባ ወዲህ አምስቱ ማዎች፣ ማለትም በ«ማ» የሚጀምሩት አምስቱ የሥራ ቦታ አደረጃጀት ደንቦች፣ በየግድግዳው ተለጥፈዋል፤ ከወረቀቱ ሥር ያለው የቶርኖ ማሽን ግን በብረት ብናኝ ተሸፍኖ ማየት አዲስ አይደለም። ከአምስቱ ማጣራትና ማስቀመጥ ብቻ በእውነት ቢሠሩ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። የማይሠራ ማሽን ለጥገና ወይም ለማስወገድ ይለይ፤ የእጅ መሣሪያ ሁሉ ቅርጹ በቀለም በተሳለበት ሰሌዳ ላይ ይሰቀል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ባዶ የሚታየው ቅርጽ የጎደለውን መሣሪያ ራሱ ይናገራል።

ቅበላ

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ በኋላ ለመደበኛ ሥልጠና የሚመጣው ሰው በአብዛኛው 12ኛን የጨረሰ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ እንደነበሩ ይታወሳል። ወደ ኮሌጅ የሚመጣው ወጣት ወድቄያለሁ ብሎ የሚመጣ መሆኑን ዲኑ ሊዘነጋው አይገባም። ምደባ ከመደረጉ በፊት አዲስ ገቢዎች ሦስት ቀን በየወርክሾፑ ይዙሩ፣ ካቻቢቴም መጥበሻም ይያዙ፤ ምርጫቸውን ከዚያ በኋላ ይሙሉ። ከስም ዝርዝር ላይ ብቻ የተመደበ ሠልጣኝ በኅዳር የዝውውር ማመልከቻ ይዞ በርዎ ላይ ይቆማል።

የሙያ ዓይነት መክፈትም እንዲሁ በከተማው ገበያ እንጂ ኮሌጁ ባሉት አሠልጣኞች ብዛት አይወሰንም። ወደ ገልፍ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ዜጎች የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራቸው አዋጅ ቁጥር 923/2008 በመደንገጉ የቤት አያያዝ ሥልጠና የብዙ ኮሌጆች ሥራ ሆኗል። ይህን ሥልጠና የሚከፍት ኮሌጅ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን በሥዕል ሳይሆን በአካል ሊኖረው ይገባል፤ ሠልጣኟ ማሽኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በአሠሪዋ ቤት ካየችው የምስክር ወረቀቷ አያድናትም።

የትብብር ሥልጠና

ኮሌጁና ድርጅቶች ተጋርተው የሚሰጡትን ይህን ሥልጠና የሚመለከተው ሰነድ 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በተቋም ይሁን ይላል። ትልቅ ፋብሪካ በሌለበት ከተማ ይህን ቁጥር ማሟላት የሚቻለው ጋራዦችን፣ የእንጨትና ብረታ ብረት ማኅበራትን፣ ሆቴሎችንና የግንባታ ቦታዎችን አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው፤ ቆጠራው ደግሞ ከምዝገባ በፊት መሠራት አለበት። አስተባባሪው የሚይዘው መዝገብ የድርጅቱን ስም ብቻ ሳይሆን ስንት ሠልጣኝ መያዝ እንደሚችል፣ የትኞቹን የብቃት አሃዶች የሚያሠራ ማሽንና ሥራ እንዳለው፣ ሠልጣኞቹንም በስም የሚረከበው ባለሙያ ማን እንደሆነ ያሳያል። በከተማው ያሉ ጋራዦች በድምሩ 30 ሠልጣኝ ብቻ የሚይዙ ከሆነ፣ በአውቶሞቲቭ 90 ሰው ተቀብሎ ሥልጠናው 70 በመቶ በድርጅት ነው ብሎ ሪፖርት ማድረግ ራስን ማታለል ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ ውል አይደለም። ኮሌጁ፣ ድርጅቱና ሠልጣኙ የሚፈርሙት ስምምነት የትኛው ሥራ በየት እንደሚሠለጠን፣ የአደጋ መከላከያ ጫማና መነጽር ማን እንደሚያቀርብ፣ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በግልጽ መያዝ አለበት። ድርጅቱ ለምን እሺ እንዲል እንደሚጠብቁም ያስቡ። አንድ የጋራዥ ባለቤት ስምምነት ልናስፈርመው በሄድንበት ቀን «ልጆቹን ስትልኩልኝ ቢያንስ የ13ን ኪያቤ ከ14ቱ በዓይን የሚለዩ ይሁኑ» አለኝ። ቅር ቢለኝም ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ድርጅት የሚወጣ ሠልጣኝ ሁሉ በመሣሪያ ስያሜና በደህንነት ላይ አጭር የውስጥ ፈተና ሳያልፍ እንዳይወጣ አደረግን፤ በሁለተኛው ዓመት ያው ሰው ራሱ ደውሎ አራት ልጆች ጠየቀ።

ክትትሉ የሚበላሸው በአሠልጣኙ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ የሞተር ሳይክል ነዳጅና የውሎ አበል ሳይያዝለት ሳምንታዊ ጉብኝት የተጻፈለት ዕቅድ ከመጀመሪያውም የሚፈጸም አልነበረም። ሎግ ቡኮቹን፣ ማለትም ሠልጣኙ በድርጅት የሠራውን የሚጽፍባቸውን መዝገቦች፣ ሲያዩ ቀለሙን ይመልከቱ። የሦስት ወር ሥራ በአንድ እስክሪብቶ፣ ምንም ቅባት ሳይነካው፣ በየገጹ «ሞተር መፍታትና መግጠም» ተብሎ ከተሞላ የተጻፈው በአንድ ሌሊት ነው። በትክክል የተሠራበት ሎግ ቡክ ዳር ዳሩ የጠቆረ፣ የተለያየ ቀለም ያለው፣ የአለቃውም ፊርማ አንዳንዴ በችኮላ የተጫረ ነው። ዲኑ በወር አምስት ሎግ ቡክ በዘፈቀደ አንሥቶ፣ በተጻፈው ሥራ ላይ ሠልጣኙን ለአሥር ደቂቃ ቢያነጋግር፣ ወሬው ለመላው ኮሌጅ በአንድ ቀን ይዳረሳል።

ምዘና

ሲኦሲ፣ ማለትም ከኮሌጁ ውጭ ባሉ መዛኞች የሚሰጠው የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሲቃረብ ሁሉም ኮሌጅ የማጠናከሪያ ሳምንት ያውጃል። እኔ በዚያ ሳምንት ብዙ እምነት የለኝም። የሚሻለው እያንዳንዱ የብቃት አሃድ እንዳለቀ የውስጥ ምዘና ማድረግ፣ ለዚያም ከሌላ ኮሌጅ ወይም ከድርጅት አንድ ባለሙያ መጋበዝ ነው፤ የራሱን ሠልጣኝ የሚመዝን አሠልጣኝ ሳይታወቀው ያደላል። ወርክሾፕዎ የምዘና ማዕከል ሆኖ ከተመረጠ ደግሞ ማሽኖቹን አስፈትሾ፣ ዕቃውን ቆጥሮ ለመዛኞቹ ማስረከብ እንጂ በምዘናው ዕለት በመስኮት ማየትም አይገባም።

ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ሲመጣ በመቶኛ አስልቶ ወደ ቢሮ መላክ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላኛው ግማሽ ያላለፉት የወደቁበትን ተግባር መለየት ነው፤ አብዛኞቹ የወደቁት ንድፍ በማንበብ ላይ ከሆነ ችግሩ ከኤሌክትሮድ እጥረት ሳይሆን ከክፍል ውስጥ ነውና መፍትሔውም ሌላ ነው።

የውስጥ ገቢን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ለትምህርት ቤቶች ዴስክ መሥራት፣ በርና መስኮት መግጠም ጥሩ ነው፤ ሠልጣኞች የሚሠሩት ምርት ግን ከሚማሩት የብቃት አሃድ ጋር መያያዝ አለበት፤ አለበለዚያ አንድ ሠልጣኝ ወር ሙሉ የዴስክ እግር ሲቆርጥ ይከርምና መበየድ ሳይችል ይመረቃል። ገንዘቡም በሕጋዊ ደረሰኝ ገብቶ በክልሉ የፋይናንስ ደንብ መሠረት ይውጣ፤ ከዲኑ መሳቢያ ውስጥ አንዲት ብር አትገኝ።

ሰኔ 30 ሲደርስ የንብረት ቆጠራ ይደረጋል። በዚያ ቀን ቆጣሪ ኮሚቴው ብቻውን አይሂድ፤ ዲኑም ይሂድ፣ ማስታወሻ ደብተርም ይያዝ። ካርቶኑ ሳይከፈት የተገኘ ዕቃ ካለ ለምን እንዳልተከፈተ፣ ጥር ሳይገባ ያለቀ ዕቃ ካለ በምን ሳምንት እንዳለቀ ከመሣሪያ ክፍሉ ጠባቂ ጠይቆ ይጻፍ። በግንቦት በተሠራው የፍጆታ ዝርዝር ላይ ሐምሌ 1 ቀን ወደ ግዥ ከመሄዱ በፊት የሚደረገው የመጨረሻ እርማት የሚመጣው ከዚያ ደብተር ነው።